«ጓደኛ አለሽ?» ብሎ መጠየቅ ለምን አይበቃም

(ደሴ ላይ ለሐኪሞች፣ ለነርሶች፣ ለአዋላጆችና ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ።

ሁላችሁም ከምታውቁት ትዕይንት ልነሳ። የ16 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ወደ ተመላላሽ ክፍል ገብታለች። ካርዱ ላይ «የሆድ ቁርጠት፣ 2 ሳምንት» ተብሎ ተጽፏል። ደጅ ላይ 40 ሰው ተራ ይጠብቃል። ሐኪሙ ሆዷን ዳሰሰና ከካርዱ ቀና ሳይል «ጓደኛ አለሽ?» አላት። «አዎ፣ ብዙ አሉኝ» አለች። ነገሩ የገባቸው እናትየዋ ናቸው፤ «ኧረ ዶክተር፣ የኔ ልጅ እንደሱ አይደለችም!» አሉ። ልጅቱ አቀረቀረች። ካርዱ ላይ «የግብረ ሥጋ ግንኙነት የላትም» ተጻፈ፣ የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘ፣ ቀጣዩ ተጠራ።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም። መጠየቅ የነበረበትንም ጠይቋል። የተበላሸው የተጠየቀበት ቦታ፣ ጊዜና ቃል ነው። የቦታና የጊዜ ችግራችንን በየስብሰባው እናነሳዋለን፤ ክፍል ጠባብ ነው፣ ሰው ብዙ ነው። የቃሉን ነገር ግን እንደ ችግር አንቆጥረውም። ስለዚህ ዛሬ ብዙውን ጊዜ የምወስደው እሱ ላይ ነው።

በቅድሚያ ማንን እንደምናነጋግር እንወቅ። በዓለም ጤና ድርጅት አቆጣጠር ጉርምስና ከ10 እስከ 19 ዓመት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶዎቹ ወይ ወልደዋል ወይ እርጉዝ ነበሩ፤ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ 18 ሳይሞላቸው ተድረዋል። ይህን የምጠቅሰው «እኛ አገር ልጆች ገና ናቸው» የሚለውን ክርክር ለማሳጠር ነው። ሌላው ማወቅ ያለብን፣ ልጆቹ በዋናው ጉዳያቸው አይመጡም። ሴቷ በሆድ ቁርጠት፣ በማቅለሽለሽ፣ በራስ ምታት፣ «ሽንቴን ያቃጥለኛል» ብላ ትመጣለች። ወንዱ በወገብ ሕመም ወይም በጨጓራ ይመጣል። ከባቲ መንገድ ከአፋር በኩል የምትመጣ ልጅ በየወሩ ሆዷን አጥብቆ እያመማትና ሽንቷ እየተቆራረጠ ከሆነ፣ በልጅነቷ ተገርዛ የተሰፋች መሆኗን ሳታጣሩ መድኃኒት አትጻፉ። አስተርጓሚዋ ወንድሟ ከሆነ ደግሞ ምንም አልጠየቃችሁም ማለት ነው። አፋርኛ የምትችል ሴት ባለሙያ ፈልጉ፤ ከከሚሴ በኩል ለምትመጣው ኦሮምኛ ተናጋሪም እንዲሁ።

እናትን ከክፍል ማስወጣት

ይህ የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ብዙዎቻችንም በፍርሃት እንዘለዋለን። «እናት፣ እስቲ አንዴ ውጭ ይጠብቁ» ካልን ሦስት ነገር ተናግረናል፦ ልጅሽን እንጠረጥራታለን፣ አንቺን አናምንሽም፣ የምንደብቅሽ ነገር አለ። ልጅቱ ቤት ስትደርስ «ምን ጠየቀሽ?» የሚለው ምርመራ ይጠብቃታል፤ ስለዚህ እናቷ ብትወጣም አፏን አትከፍትም።

የሚሠራው አባባል እንዲህ ያለ ነው፦ «እትዬ፣ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት ያለፈ ልጆችን ሁሉ ለትንሽ ደቂቃ ለብቻቸው እናነጋግራለን፤ አሠራራችን ነው። በቅድሚያ ግን እርስዎን ያሳሰበዎትን ይንገሩኝ። ከዚያ እሷን 10 ደቂቃ አነጋግሬ እጠራዎታለሁ፤ አብረን እንጨርሳለን።» እያንዳንዱ ክፍል ሥራ አለው። «ልጆችን ሁሉ» የሚለው ጥርጣሬን ያነሳል። የእናት ንግግር መቅደሙ ክብራቸውን ይጠብቃል፤ ደግሞም ልጅቱ ፊት የሚናገሩት ነገር፣ ልጅቱም ያንን ስትሰማ ፊቷ የሚሆነው፣ ራሱ መረጃ ነው። «እጠራዎታለሁ» ማለት መጨረሻውን ከእጃቸው አልነጠቅንም ማለት ነው። «ምን ልትጠይቃት ነው?» ካሉ እውነቱን መናገር ነው፦ «ስለ ትምህርቷ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ሰውነቷ ለውጥ፣ የሚያስጨንቃት ነገር ካለ።» ይህን ለአንዷ ብቻ የምናደርገው ከሆነ ግን አሠራር አይደለም፤ ለጉንፋን የመጣውንም ልጅ እንዲሁ ማድረግ አለብን። አለዚያ ሰፈሩ በሳምንቱ ያውቅብናል።

ወንድ ሐኪም ከሆናችሁ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። በወሎ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት፣ ያላገባች ልጅ ከወንድ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻዋን መቀመጧ ደስ አያሰኝም፤ ልጅቱም ራሷ ትሸማቀቃለች። ሴት ነርስ ወይም አዋላጅ ከመጋረጃው ወዲያ ብትሆን መልካም ነው። ዘመድ ግን አይሁን። በደሴ ብርድ በሩን ገርበብ አድርጎ መቀመጥ ማንንም አያስገርምም፤ ዋናው ድምፅ ነው። ብዙ ክፍሎቻችን በኮምፔርሳቶ የተከፈሉ ናቸው፣ የዚህኛው ወሬ እዚያኛው ይሰማል። ወንበሩን ከጠረጴዛው ማዶ ሳይሆን ከጎን ብታደርጉት ድምፃችሁን ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ልጆች ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ የበለጠ ይናገራሉ።

አጠራርም ቀላል ነገር አይደለም። «የኔ ልጅ» ስንል በፍቅር ነው፤ ግን ወዲያው የአባት ወንበር ላይ ተቀምጠናል። አባቷ ላይ የደበቀችውን እኛም ላይ ትደብቀዋለች። «ሚጣ» ደግሞ ለ17 ዓመት ልጅ ስድብ ነው። እኔ በስሟ መጥራትን እመርጣለሁ። ስትጨነቅ «አብሽሪ» የምትለዋ የአገራችን ቃል በቂ ናት፤ ፍርድ የለባትም።

በቅድሚያ ቃል መግባት፣ ግን ሙሉውን አይደለም

ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት ምስጢር ምን ድረስ እንደሚጠበቅ መነገር አለበት። «ለማንም አልናገርም» ብሎ በደፈናው መማል ቆይቶ ያሳፍረናል። እንዲህ በሉ፦ «እዚህ የምናወራው ለእናትሽም ለአስተማሪሽም አይነገርም። አንድ ሰው እየጎዳሽ ከሆነ፣ ወይም ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ከሆነ ግን ብቻዬን ልይዘው አልችልም። ያን ጊዜም ለማን እንደምንናገር በቅድሚያ ከአንቺ ጋር እንመክራለን።» ይህ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የቤተሰብ ሕጋችን የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 626 እና 627 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸምን ድርጊት ያስቀጣል። ልጅቱ «ሰውዬው 30 ዓመቱ ነው» ስትል ጉዳዩ የፍቅር ምክር መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው፤ አስቀድመን ወሰኑን ካልነገርናት ከዳተኞች እንሆንባታለን።

የጥያቄው ቅደም ተከተል

ለዚህ የታወቀ መንገድ አለ፤ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሎቹ «ሄድስ» ይባላል። በ1972 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተጀምሮ በ1988 ለኅትመት የበቃ ነው። ቤት፣ ትምህርት፣ ውሎ፣ ሱስ፣ ከዚያ ስለ ግብረ ሥጋ፣ በመጨረሻም ስለ ጭንቀትና ራስን ስለ ማጥፋት ይጠይቃል። ጥበቡ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄዱ ነው። ፊደሎቹን ግን እንዳሉ አንጠቀም፤ ለአገራችን ልጆች ቤቱ ራሱ ከባድ ሊሆን ይችላል።

ደሴ ውስጥ «ከማን ጋር ትኖሪያለሽ?» ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከቃሉ ገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ስንቅ ከቤት ይላክላቸዋል። ስለዚህ «የቤት ኪራይ ማን ይከፍላል? ስንቅ ሲያልቅ ምን ትሆናላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ግብረ ሥጋ ምንም ሳይናገር ብዙ ያወጣል። ስንቅ ሲያልቅ የሚያበላ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ማነው? ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ 18 እና 19 ዓመት የሆኑ ልጆች አንድ ክፍል ለአራት ተጋርተው ይኖራሉ። ለእነሱ ጥያቄው የፈረቃ ነው፦ «የማታ ፈረቃ ስትወጪ ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?»

ጫት ላይ «ትቅማለህ?» ካልነው «አይ» ይላል። «በሳምንት ስንት ቀን ትቅማላችሁ፣ ከማን ጋር?» ብለን ስንጠይቅ የማይቅመው «እኔ እንኳ አልቅምም» ብሎ ያርመናል፤ የሚቅመው ቁጥር ይነግረናል። ከምርቃና በኋላ ምን እንደሚጠጣ መጠየቅም አይረሳ፤ ሳይታሰብ የሚሆነው ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው እንገባለን፤ በሦስተኛ ሰው እንጂ በቀጥታ አይደለም። «በአንቺ ዕድሜ አንዳንዶቹ የፍቅር ጓደኛ ይይዛሉ፣ አንዳንዶቹ ገና አላሰቡትም። ክፍላችሁ ውስጥ እንዴት ነው?» ስለ ክፍሏ ልጆች ስታወራ ድምፇን ስሙ። ከዚያ «አንቺስ?» ብቻ በቂ ነው። ዝም ካለች ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። አብዛኞቻችን 3 ሳንደርስ ሌላ ጥያቄ እንጨምርና የሚመጣውን መልስ እንቆርጠዋለን።

ቃላቱ

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። አማርኛ የጨዋ ስም ሲፈልግ የሰውን ብልት «ሐፍረተ ሥጋ» ይለዋል። ቃሉ ውስጥ ሐፍረቱ አለ። ሐኪም «ሐፍረተ ሥጋሽን ያሳክክሻል?» ሲል፣ ልጅቱ ከማሳከኩ በፊት ማፈር እንዳለባት ተነግሯታል። «ብልት» ይሻላል፤ ለወንዱ «ፍሬህ»፣ ለሴቷ «ማሕፀንሽ»፣ «የሽንት መውጫሽ» ብሎ ቦታውን ለይቶ መጥራት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ልጆች ብዙ ጊዜ «ሆዴን» ብለው የሚያልፉትን በሥዕል እንዲጠቁሙ ማድረግም ይቻላል።

«ጓደኛ» የሚለውን አይተነዋል። ሰፈር አብራት ያደገችውም ጓደኛ ናት። «የፍቅር ጓደኛ» በሉ። እንዲያም ብለን ግን ነገሩን አላወቅንም፤ ለብዙ ልጅ የፍቅር ጓደኛ ማለት ቴሌግራም ላይ የሚጻጻፉት ነው። «ግንኙነት አለሽ?» ከዚያ የባሰ ነው፤ ከጓደኛዋ ጋር ተጣልታ ከሆነ «ግንኙነት የለንም» ልትል ትችላለች፣ እውነቷን ነው። «የግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጽማችሁ ታውቃላችሁ?» የሚለው የመጽሐፍ አማርኛ ቢሆንም ግልጽ ነው። ደረቅ ቃል አይጠላ፤ አንዳንዴ ደረቅነቱ ራሱ ያረጋጋል፣ ቀልድም ሽሙጥም የለበትም።

አፍረን ወደ እንግሊዝኛ ስንሸሽ ደግሞ ሌላ ገደል አለ። «ዲስቻርጅ አለሽ?» ስትባል ከሆስፒታል ስለ መውጣት የምታስብ ልጅ አለች። «ፈሳሽ» ብንል ምን ነበረበት? ትልቁ ጉዳት ግን የምርመራ ውጤት ላይ ነው። «ፖዘቲቭ» በልጆቻችን ቋንቋ በጎ ነገር ነው፤ «ፖዘቲቭ አስቢ» ይባባላሉ። «ኔጌቲቭ» መጥፎ ነው። ኤች አይ ቪ «ኔጌቲቭ ነሽ» ተብላ እያለቀሰች የምትወጣ ልጅ ሊኖር እንደሚችል አስቡ። «ነጻ ነሽ» ማለትም አይበቃም፤ ከእንግዲህ አያገኘኝም የሚል ትርጉም ይሰጣል። «ቫይረሱ ደምሽ ውስጥ አልተገኘም፤ ከ3 ወር በኋላ ደግመን እናየዋለን» ማለት ረዘም ይላል እንጂ አያሳስትም። በብሔራዊው የኤች አይ ቪ ምርመራ መመሪያ 15 ዓመት የሞላው ልጅ ለምርመራው ራሱ ፈቃድ መስጠት እንደሚችል በዚሁ ይታወስ፤ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ፣ ያገቡ ወይም ያረገዙ ወይም ግንኙነት የጀመሩም እንዲሁ።

«ለምን» የሚለው ጥያቄ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ጥያቄ አይደለም፤ ቁጣ ነው። «ለምን ቶሎ አልመጣሽም?» ስትባል ይቅርታ ትጠይቃለች እንጂ ምክንያት አትናገርም። «ቶሎ እንዳትመጪ ምን ያዘሽ?» በሉ፤ «ሰው እንዳያየኝ ፈርቼ» ትላለች፣ ያ ደግሞ የምትጠቀሙበት መልስ ነው። «ተደፍረሻል?» የሚለውንም ተዉት። ቃሉ ከደፋሪው ይልቅ የተደፈረችውን ያዋርዳል፤ ደግሞ በባሏ ወይም በዘመዷ የተገደደች ልጅ «መደፈር» የመንገድ ላይ ሽፍታ ሥራ ስለሚመስላት «አይ» ትላለች። «ሳትፈልጊ ሰውነትሽን የነካ፣ ያስገደደሽ ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንዶቹንም ጠይቁ፤ ማንም ስለማይጠይቃቸው ነው የሌሉ የሚመስሉን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ገና ልጆች የነበሩ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ያዩትን፣ የሆኑትን አንዳንዱን እስከ ዛሬ አልተናገሩትም። ሲጠየቁ ካልፈለጉ አለመናገር እንደሚችሉም ይነገራቸው።

በመጨረሻ «እሺ»። በእኛ ቋንቋ «እሺ» ታዛዥነት እንጂ መረዳት አይደለም። «ገባሽ?» ስንላት «እሺ» ትላለች፣ አልገባትም። «ቤት ስትደርሺ ኪኒኑን እንዴት እንደምትወስጂው እስቲ ንገሪኝ» ካልን ግን የተሳሳተው ወዲያው ይወጣል።

የሚጠይቁት ምንድን ነው?

መንገዱ ሲከፈት የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛው በሽታ አይደለም። «እኔ ጤነኛ ነኝ ወይ?» ነው። ነጭ ፈሳሽ ሽታ ከሌለው፣ ካላሳከከና ካላቃጠለ ተፈጥሯዊ ነው፤ በወሩ ውስጥ መጠኑና ውፍረቱ ይለዋወጣል። ይህን ሳናብራራ ለአባላዘር በሽታ መድኃኒት ከሰጠናት፣ ያልነበረባትን በሽታ ሰጥተናት፣ ቤተሰቧም ጋር ጣጣ ውስጥ ከትተናት ነው የምንሰዳት። የወር አበባ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ21 እስከ 45 ቀን ቢለያይ አያስደነግጥም። ከ7 ቀን ካለፈ፣ ወይም ሞዴሱ በየሰዓት ሁለት ሰዓቱ የሚርስ ከሆነ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ገና ካልመጣ መመርመር አለባት። ለሕመሙ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር በየ8 ሰዓቱ፣ ሕመሙ ሲጀምር ጀምሮ 2 ወይም 3 ቀን ነው። ልጆቹ የሚሳሳቱት ሕመሙ ሲበረታባቸው ብቻ አንድ ኪኒን ስለሚወስዱ ነው፤ ያኔ ዘግይቷል። የጨጓራ ቁስለት ያለባት ግን አትውሰድ።

ወንዶቹን እንረሳቸዋለን። በ13 እና 14 ዓመት ጡቱ ስር ጠጠር ያለ እብጠት የሚወጣበት ልጅ ሴት እየሆንኩ ነው ብሎ ይጨነቃል፤ በአብዛኛው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ራሱ ይጠፋል፤ ይህን ብቻ መስማት ይበቃዋል። ሕልመ ሌሊትም በሽታ አይደለም። ከባዱ የፍሬ መዞር ነው። ልጁ ሌሊት በድንገት ፍሬውን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። አፍሮ «ሆዴን» ይላል። እኛም ሱሪውን ሳናስወልቅ ማስታገሻ ሰጥተን እንልከዋለን። የፍሬው ደም ስር ተጠምዝዞ ደም ሲቋረጥ በ6 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ ፍሬውን የማዳን ዕድል በፍጥነት ይቀንሳል። አንድ ቃል ማፈር ፍሬ ያስከፍላል። በታችኛው ሆድ ሕመም የመጣ ጎረምሳ ሁሉ ፍሬው መታየት አለበት፤ «ሆድህን የሚያመው አንዳንዴ ከፍሬ ይነሣል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ እናየዋለን» ብሎ መጀመር ነው።

የእርግዝና መከላከያን በተመለከተ፣ ዕድሜ ማነስ ወይም አለመውለድ ብቻውን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። «ማሕፀን ያደርቃል» ስትል አትሳቁባት፤ እናቷም ጎረቤቷም የነገሯት ነው። ነገሩ መነሻ አለው፦ የሦስት ወር መርፌ የወር አበባን ያዛባል፣ ሊያስቀረውም ይችላል፣ ካቆሙት በኋላም እርግዝና እስኪመጣ ወራት ሊወስድ ይችላል። ያንን ያየ ሰው «ደረቀ» ቢል አይገርምም። «ደሙ የቀረው ማሕፀኑ ስለ ደረቀ ሳይሆን በየወሩ የሚረግፈው ሽፋን ስለ ሳሳ ነው፤ ስታቆሚው ይመለሳል» በሏት። መርፌው በየ13 ሳምንቱ ነው። በተግባር ከ100 ተጠቃሚዎች 4 ያህሉ በዓመት ውስጥ ያረግዛሉ፤ ዋናው ምክንያት ቀን ማሳለፍ ነው። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው አንድ ዘንጉ 3 ዓመት፣ ሁለት ዘንጉ 5 ዓመት ያገለግላል፤ የሚረሳ ነገር ስለሌለው ከ100 አንድ እንኳ አያሳስትም። ከአባላዘር በሽታ የሚጠብቀው ግን ኮንዶም ብቻ ነው፤ ቫዝሊን ወይም ዘይት ከነካው ላስቲኩ ይላሽቃል። ይህን ጨምሮ መንገር ያስፈልጋል፤ ቫዝሊን የሌለበት ቤት የለምና።

ፒያሳ ላይ ያላችሁ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ከሐኪሙ ይልቅ እነዚህን ልጆች ታገኛላችሁ። ፖስት ፒል፣ ማለትም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ የሚወሰደውን የእርግዝና መከላከያ ኪኒን፣ ሊገዛ የሚመጣው አንዳንዴ የተላከ ጓደኛ ነው። አሻግሮ ገንዘብ መቀበል ብቻ አይሁን። ግንኙነቱ መቼ እንደሆነ በሰዓት ጠይቁ፤ ኪኒኑ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ይመረጣል፤ «ትናንት ወዲያ» አሳሳች ነው። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ከሆነ 72 ሰዓቱ የሚሞላው ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ነው። እስከ 120 ሰዓት፣ ማለትም እስከ ሐሙስ ማታ መውሰድ ይቻላል፤ ግን በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። መጠኑ በድምሩ 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የ0.75 ሁለት ፍሬ ከሆነ ሁለቱንም አንዴ መዋጥ ይቻላል። በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ትድገመው። ኪኒኑ የእንቁላልን መውጣት የሚያዘገይ ነው፤ የተያዘ ጽንስ አያስወርድም፤ ለነገም አይከላከልም። ወር አበባዋ ከጠበቀችው ቀን ከሳምንት በላይ ከዘገየ ትመርመር። አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ፈልጋ ነው የሆነው?»

መልሱ «አይደለም» ከሆነ ፖስት ፒሉ ብቻውን አይበቃም። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል፤ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት። «በቅድሚያ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ» ብሎ መመለስ ሰዓቱን ይበላል። ሕክምናው ይቅደም፣ ማስረጃው በሕክምናው መሐል ይሰበሰባል። ካረገዘችም፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር ወይም በዘመድ የመጣን እርግዝና፣ እንዲሁም በዕድሜዋ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ያልተዘጋጀችን ልጅ እርግዝና በሕክምና ማቋረጥን ፈቅዷል። በአንቀጽ 552 መሠረት ለመደፈሩ የራሷ ቃል ይበቃል፤ በጤና ሚኒስቴር መመሪያም ለዕድሜዋ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም። ይህን የማያውቅ ባለሙያ «ወረቀት አምጪ» ብሎ ሲመልሳት ልጅቱ ወረቀት ፍለጋ አትሄድም፤ የሰፈር መርፌ ወጊ ጋ ትሄዳለች።

የማሕፀን በር ካንሰር ክትባትን እግረ መንገዴን ላንሳው። በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ልጆች ተጀመረ። ለእናቶች ሲነገር «ካንሰር መከላከያ» ይባል፤ እውነቱም እሱ ነው። ከግብረ ሥጋ ጋር ካያያዝነው «ልጄ ገና ናት» ይሉናል፤ የሚሰጠው ግን ገና ስለሆነች ነው።

ከክፍሉ ውጭ የሚያፈሰው

ውስጥ የተጠበቀው ምስጢር ደጅ ላይ ሊፈስ ይችላል። ደሴ ትልቅ ከተማ ብትሆንም የሸዋበሯ ልጅ ካርድ ክፍል ውስጥ የእናቷን ማኅበርተኛ ታገኛለች። ስም ጮክ ብሎ ጠርቶ «የእርግዝና ምርመራሽ ደርሷል» የሚል የላብራቶሪ መስኮት ካለን፣ የእኛ የ10 ደቂቃ ጥንቃቄ ውሃ በላው። በቁጥር መጥራት ምንም ወጪ የለውም። ካርዱ ላይ ያለው ስልክ የማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የአባት ነው። «ውጤቱን እንደውልልሻለን» ከማለታችን በፊት «ብደውል ማን ያነሣዋል?» ብለን እንጠይቅ። የጤና መድን ደብተሩም የቤተሰብ ነው፤ ደብተሩን ለማግኘት ለምን እንደፈለገችው ማስረዳት ይኖርባታል። የቤተሰብ ምጣኔና የኤች አይ ቪ ምርመራ በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ስለሚሰጥ ያለ ደብተሩ መምጣት እንደምትችል ንገሯት። ሰዓቱንም እንደ ልጆቹ እናድርገው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቀጠሮ የሰጠናት ተማሪ ከአስተማሪ ፈቃድ ስትጠይቅ ምክንያት መናገር አለባት። ከ10 ሰዓት በኋላ ብንቀጥራት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብቅ ትላለች፤ ሰኞ ግን አይሁን፣ ገበያው ከተማውን ስለሚሞላው የሚያውቃት ሰው ይበዛል።

እናትየዋን ከመጥራታችን በፊት አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ «ለእናትሽ ምን ልንገራት?» ልጅቱ ራሷ ዓረፍተ ነገሩን ትምረጥ። «የወር አበባዬ ሕመም እንደሆነ ንገሪያት» ካለች፣ ሕመሙም እውነት ካለ፣ እሱን እንናገራለን፤ ያልሆነ በሽታ ግን አንፈጥርም። መናገር ከፈለገችና ከፈራች እኛ ልንጀምርላት እንችላለን፣ ከዚያ እሷ ትቀጥል። ከዚያ በሩን ከፍተን «እትዬ፣ ይግቡ፤ ጎበዝ ልጅ አለችዎት፣ በደንብ ተነጋግረናል» እንበል። ቀጠሮው ወረቀት ላይ «ክትትል» ብቻ ይጻፍ፣ ቀንና ሰዓት፣ ክፍል ቁጥር። ምክንያቱ ካርዱ ውስጥ ይቀመጥ፤ ካርዱም በእናትየዋ እጅ ሳይሆን በእኛ ሰው እጅ ወደ ካርድ ክፍል ይመለስ።